ዘይት አስቀይረሽ ሞተሩ ከቆመ፣ ፊልትሮውን ማንም እንዳይነካው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቅዳሜ ቪትዝሽን ጋራዥ ወስደሽ ዘይትና ፊልትሮ (የዘይት ማጣሪያውን) አስቀየርሽ። ማክሰኞ ከሥራ ስትመለሺ ቀይ መብራት በራ፣ ሞተሩ ተንኳኳና ቆመ። ስትደውዪላቸው «ሞተሩ ድሮም ያረጀ ነው፣ እኛን አይመለከትም» አሉሽ። አሁን ደግሞ «ነገ ጠዋት ጎታች እንልካለን፣ እኛ ጋ መጥቶ ይታይ» እያሉሽ ነው። መኪናዋ ደጅሽ ላይ ቆማለች። የምትጠይቂው «ልስጣቸው ወይስ ልክሰስ?» ብለሽ ነው።

ክሱ ይቆይ። አሁን የሚያስቸኩለው መኪናዋን አለመስጠቱ ነው። ለምን እንደምልሽ በእኔ የደረሰውን ልንገርሽ።

በ2014 ዓ.ም. ነው። ኮሮላ ነበረችኝ፤ ተበድሬ፣ ዕቁብ ጥዬ የገዛኋት። ቅዳሜ ከሰዓት ሁልጊዜ የምሄድበት ጋራዥ ዘይት አስቀየርኩ። ቅዳሜ ጋራዥ እንዴት እንደሚጨናነቅ ታውቂያለሽ። ልጁ ከአንዱ መኪና ሥር ወጥቶ ወደ ሌላው ሥር ይገባል። ሒሳብ ስከፍል «ደረሰኝ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ። ደረሰኝ ካልኩ ቫቱ 15 በመቶ ይጨመራል። «ተወው» አልኩና በቴሌብር ከፍዬ ሄድኩ።

ሰኞ ለሥራ ወደ አዳማ ወጣሁ። ቱሉ ዲምቱ ላይ የፍጥነት መንገዱን ገባሁ። ዱከምን ካለፍኩ በኋላ ዳሽቦርዱ ላይ ያቺ ጀበና የምትመስለው ቀይ መብራት በራች። ፍጥነቴ ወደ 100 ነበር። ከኋላዬ ሲኖትራክ ነበር፣ ዳር ይዤ መቆም ፈራሁ። «መውጫው ጋ ስደርስ እቆማለሁ» ብዬ ቀጠልኩ። ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ብነዳ ነው። ከዚያ ሞተሩ ውስጥ አንድ ሰው በመዶሻ የሚመታ መሰለ። ጉልበት አጣች። ዳር ሳደርሳት ከኮፋኖው ሥር ጭስ ይወጣል፤ የተቃጠለ ዘይት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ወደ ኋላ ሳይ አስፋልቱ ላይ ጥቁር መስመር ተሰምሯል። የኔ ዘይት ነው።

ለጋራዡ ደወልኩ። ልክ አንቺን ያሉሽን አሉኝ። ወደ እኛ አምጪው፣ እናየዋለን። ልሰጣቸው ነበር። ያዳነኝ አጎቴ ነው። አርባ ዓመት የጭነት መኪና የነዳ ሰው ነው። በስልክ የመለሰልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ፊልትሮውን እነሱ ይፈቱትና ነገ ምን አሳይተሽ ልትከራከሪ ነው?»

እውነቱን ነው። ዘይት ሲቀየር የሚነኩት ነገሮች ጥቂት ናቸው። ከኮፓው (ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት መያዣ) ሥር ያለው ማፍሰሻ ቡሎን፣ ሮንዴላው፣ ፊልትሮው፣ የዘይት መሙያው ክዳን። ጥፋት ካለ ምልክቱ ያለው እዚያው ነው። መጀመሪያ የፈታው ሰው ግን ምልክቱን ይዞት ይሄዳል። ክፋት አስቦ ላይሆን ይችላል። ጨርቅ አንስቶ ቢጠርገው በቃ፣ ማስረጃሽ እዚያ ጨርቅ ላይ ቀረ።

ስለዚህ መኪናዋን ሁለታችንንም ወደማያውቅ ሌላ ጋራዥ አስጎተትኳት። ለመጀመሪያው ጋራዥ ባለቤት መልእክት ጻፍኩ። «ነገ በ4 ሰዓት ፊልትሮው ይፈታል፣ እርስዎ ወይም የወከሉት ሰው ይገኝ» የሚል ነው። ይሄ ቁም ነገር ነው። እነሱ በሌሉበት ካስፈታሽ «ሌላ ጋራዥ ነው ያበላሸው» ይላሉ። በማግስቱ ዋና መካኒካቸው መጣ።

ከመነካቱ በፊት በስልኬ ቀረጽኩ። ታርጋውን፣ የኪሎ ሜትር ቁጥሩን፣ ከሥር ዘይት የተረጨበትን ሁሉ። ቪዲዮው ሳይቋረጥ መካኒኩ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ፊልትሮውን በእጁ አዞረው። ወረደ። አዲሱ ፊልትሮ አፉ ላይ ጎማው አለ፣ አዲስና የሚያብረቀርቅ። መካኒኩ ግን እዚያው ሥር እንደተኛ ዝም አለ። ከዚያ በጥፍሩ ሞተሩ ላይ የሆነ ነገር ፈቀፈቀና አወጣው። ሌላ የጎማ ቀለበት ነው። ጠፍጣፋ፣ ጥቁር፣ በአንድ በኩል ተጨፍልቆ ወደ ውጭ የተገፋ። የድሮው ፊልትሮ ጎማ።

የጋራዡ ሰው ቀለበቱን በመዳፉ ይዞ ለረጅም ጊዜ አየው። ምንም አልተናገረም። ምንም መናገር አላስፈለገውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልትሮ ብዙ ሲቆይ ጎማው በሙቀት ከሞተሩ ብረት ጋር ይጣበቃል። ፊልትሮው ሲፈታ ጎማው እዚያው ይቀራል። የቸኮለ ሰው ሳያይ አዲሱን በላዩ ላይ ያስረዋል። ሁለት ጎማ ተደራርቦ መጀመሪያ ላይ ምንም ላያፈስ ይችላል። ከተማ ውስጥ በዝግታ ሲነዳ ቀናትም ሊቆይ ይችላል። ሞተሩ ሲሞቅና የዘይቱ ግፊት ሲበረታ ግን አንዱ ጎማ ሸርተት ይልና ይወጣል። ያን ጊዜ ያለው ዘይት፣ የኔዋ ላይ ወደ 3.7 ሊትር ነው፣ በደቂቃዎች ውስጥ አስፋልት ላይ ይፈሳል። ብሮንዚናው፣ ማለትም የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ ብረት፣ ዘይት ካጣ ብረት በብረት ላይ መፈጋፈግ ይጀምራል። ያ የሰማሁት መዶሻ እሱ ነበር። አንቺም ሦስት ቀን ነድተሽ ማቆምሽ ይሄንኑ እንድጠረጥር አድርጎኛል። ግን ሳይፈታ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ሌላም ሊሆን ይችላል። ማፍሰሻው ቡሎን ላልቶ ወይም ከመጠን በላይ ጠብቆ ጥርሱ ተበልቶ ይሆናል። የወደቀ ቡሎን ከሆነ ኮፓው ቀዳዳውን ከፍቶ ታገኚዋለሽ። ሁሉም ቦታ ደረቅ ሆኖ ዘይቱ ብቻ ከሌለ ደግሞ መጀመሪያውኑ በቂ ዘይት ሳይሞሉ ቀርተው ይሆናል። እያንዳንዱ ጥፋት የየራሱ ምልክት አለው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ሲፈታ መገኘት ያለብሽ።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ጥገናው 74,000 ብር ጨረሰ። ኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) ተላጠ፣ ብሮንዚናው ተቀየረ፣ ጎታች፣ ዘይት፣ የእጅ ሥራ። ሒሳቡን ይዤ ጋራዡ ስሄድ ባንኮኒው ላይ ያለው ሰው «ባለቤትሽ ወይ ወንድምሽ ይምጣና እንነጋገር» አለኝ። በጣም አመመኝ። አልጮህኩም ግን። መኪናዋ በስሜ ናት፣ ሊብሬው በስሜ ነው፣ ከፋይዋም እኔ ነኝ አልኩት። ባለቤቱን ካላገኘሁ አልሄድም ብዬ ተቀመጥኩ። አንቺም እንዲህ ቢሉሽ እንዳትደናገጪ።

ባለቤቱ ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገው ልጁን መጥራት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። «ከደመወዙ እቆርጥና እከፍልሻለሁ» አለኝ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ይሄን በፍጹም እንዳትቀበዪ። አንደኛ ነውር ነው። አራት መኪና በአንድ ጊዜ አስይዞት፣ ሥራውን የሚያይለት ሰው ሳይመድብ ጥፋቱን በሱ ላይ መጣል አይቻልም። ሁለተኛ ሕጉም ወደ ባለቤቱ ነው የሚሄደው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2130 ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት አሠሪውን ተጠያቂ ያደርጋል። ውሉም ከጋራዡ ጋር እንጂ ከልጁ ጋር አይደለም። «እኔ የማውቀው እርስዎን ነው» አልኩት።

ከዚያ የመጣው ክርክር ግን ልክ ነበር። «መብራቱ በርቶ ለምን ነዳሽ?» አለኝ። እዚህ ላይ እውነቱን ተናገርኩ። ፈርቼ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ አልኩ። ቁጥር 1802 ተጎጂው በቀላሉ ሊቀንሰው ይችል የነበረ ጉዳት ካለ ያ ከካሣው ላይ እንዲቀነስ ይፈቅዳል። ቀይዋ የዘይት መብራት ማለት ዘይት ሊያልቅ ነው ማለት አይደለም፣ ግፊቱ አሁን ጠፍቷል ማለት ነው። ያኔውኑ ማጥፋት ነበረብኝ። አንቺም ስንት እንደነዳሽ ይጠይቁሻል። አትደብቂ። ያልተጋነነ ቃል ሽማግሌም ዳኛም ፊት ይከበራል።

በቃል መነጋገሩ አልያዘልኝም። ዛሬ ነገ ይሉኛል። ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩ። አንድ ገጽ ናት። መቼ አገልግሎት እንዳገኘሁ፣ ኪሎ ሜትሩ ስንት እንደነበር፣ ምን እንደደረሰ፣ ፊልትሮው ሲፈታ ማን እንደነበረና ምን እንደተገኘ፣ ስንት ብር እንደምጠይቅ፣ በ10 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘሁ ወደ ሕግ እንደምሄድ። የሁለተኛውን መካኒክ ፊርማ ያለበትን ወረቀትና የቪዲዮውን ፎቶዎች አያያዝኩ። በሁለት ኮፒ ነው፤ አንዱ ላይ «ተቀብያለሁ» ብለው እንዲፈርሙልኝ አደረግኩ። ባይፈርሙ በፖስታ ቤት በአደራ ልልከው ነበር። በውል ጉዳይ ካሣ ከመጠየቅ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠት በሕጉም ይፈለጋል፣ ቁጥር 1772 ላይ አለ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ነገሩን የቀየረው ይቺ ወረቀት ናት። ሰውየው አነበባትና ድምፁ ወረደ።

ደረሰኝ ባለመቀበሌ ግን ተጨንቄያለሁ። «እዚህ መምጣትሽን በምን እናውቃለን?» ብለውኝ ነበር። የቴሌብር መልእክቱ ቀኑንም ሰዓቱንም ይዞ ስለነበር አመለጥኩ። በካሽ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምል አላውቅም። አንቺም የከፈልሽበትን ማንኛውንም ነገር፣ ቀጠሮ የያዝሽበትን ቴክስት፣ ዘይቱን የጻፉባትን ኮፋኖው ሥር የሚለጥፏትን ወረቀት ሁሉ አሁኑኑ ፎቶ አንሺ።

መጨረሻ ላይ በሽማግሌ ተጨረሰ። ሶማሌ ተራ መለዋወጫ የሚሸጥ፣ ሁለታችንም የምናምነው ሰው ነበር። እሱ ሱቅ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠን ሻይ እየጠጣን ተነጋገርን። መብራቱ በርቶ የነዳሁበት ታስቦ 52,000 ብር ሊከፍለኝ ተስማማ፤ ግማሹን ያኔውኑ፣ ግማሹን በወሩ። በጽሑፍ፣ በሁለት ምስክር። «ከዚህ በኋላ ጥያቄ የለኝም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለተኛው ክፍያ ሲገባ ብቻ እንዲጸና አስጻፍኩ። ከፈለ። እውነት ለመናገር ከፍሎኛል፣ አመስግኜዋለሁም።

«እኛ በነጻ እንሥራልሽ» ካሉሽስ? እኔ እምቢ ብያለሁ፣ እምነቴ ተሟጦ ስለነበር። ገንዘብ ከሌለሽ ግን አይፈረድብሽም፣ ተቀበዪ። ያኔ ዕቃው ምን እንደሆነ በጽሑፍ ይሁን፣ የወጣውን አሮጌ ዕቃ ያስረክቡሽ፣ ቢያንስ የሦስት ወር ዋስትና ይፈርሙ።

ኢንሹራንስ ብለሽም ጠይቀሻል። የሦስተኛ ወገን ከሆነ የራስሽን ሞተር አይመለከትም። ሙሉ ሽፋን ካለሽ ውልሽን አንብቢ፣ ግን የሞተር ብልሽት ብዙ ጊዜ አይካተትም። ከሽምግልናው ውጭ የቀረሽ የንግድ ቢሮ ነው። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ዕቃን ብቻ ሳይሆን አገልግሎትንም ይሸፍናል። እሱም ካልሆነ ፍርድ ቤት ነው። ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሣ ጥያቄ በሁለት ዓመት ስለሚታገድ አታቆይው። ብሩ ከፍ ካለ ለአንድ ሰዓት ጠበቃ ብታማክሪ አይቆጭሽም።

አሁን ወደ ነገ ጠዋት ልመልስሽ። ጎታቹ ሲመጣ ቁልፉን እንዳትሰጪ። ዛሬ ማታ ለባለቤቱ መልእክት ጻፊለት፤ «በሌላ ጋራዥ፣ እርስዎ ባሉበት ይፈታል» በይው፣ ቀንና ሰዓት ጥቀሺ። ከመኪናዋ ሥር ነጭ ካርቶን አንጥፊ፣ ከየት እንደሚንጠባጠብ ያሳይሻል፤ ጠዋት ፎቶ አንሺው። የሰፈር ልጆች «ዘይት ሙይና እስቲ አስነሺው» ይሉሻል፣ እንዳትሰሚያቸው፤ አንድ ጊዜ ብታስነሻት ያለው ጉዳት ሊብስ ይችላል፣ እሱም በአንቺ ይቆጠራል። የጻፍኩትን ደብዳቤ ስሜን አውጥቼ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። የት ሰፈር እንደሆንሽ ንገሪኝ፣ የኔን የፈታው መካኒክ ቅርብሽ ከሆነ አገናኝሻለሁ።