ድንጉላው አላስወለደም፤ ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደቡብ ወሎ፣ ለጋምቦ ነው። ባለፈው ኅዳር ከኩታበር ገበያ አንድ ድንጉላና አንዲት ባዝራ በ65 ሺህ ብር ገዛሁ። ፈረስ ማራባት ፈልጌ ነው። ሻጩ «ድንጉላው ብዙ ያስወለደ ነው፤ ባዝራዋም የአራት ወር እርጉዝ ነች» ብሎኝ ነበር። ሰኔ አለፈ፣ አልወለደችም። ሐምሌ ላይ የእንስሳት ሐኪም አይቶ ባዶ ነች አለኝ። ድንጉላው ደግሞ የጎረቤቶቼን ባዝራዎች ጭምር ቢያጠቃም አንዷም አላረገዘችም። ለደላላው ደውዬ ነግሬዋለሁ። የጽሑፍ ውል የለንም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚፈራው ወረቀት አለመኖሩን ስለሆነ ከሱ ልጀምር። ፈረስ እንደ ቤት አይደለም። ሽያጩ የግድ በጽሑፍ ይሁን የሚል ሕግ የለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1719 ሕጉ ራሱ ካላዘዘ በቀር ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም ይላል። በቃል ተስማምታችሁ ገመዱን ከተቀበሉ ውል አለ። በምስክር ይረጋገጣል። ገንዘቡን በባንክ ወይም በቴሌብር ልከው ከነበረ ደግሞ መልእክቱን እንዳያጠፉት።

ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ያን ቀን ገበያ ላይ ምን ተባለ?

የማያስወልድ ድንጉላ ለመጋለቢያ ምንም አይለውም። ጋሪም ይጎትታል። እንዲያውም ስንቱ ሰው ደህናውን ድንጉላ ቀጥቅጦ፣ ማለትም አኮላሽቶ፣ ሰንጋ ያደርገዋል! ስለዚህ ሻጩ «ፈረስ ሸጥኩለት፣ ፈረስ ወሰደ» ቢል ክርክሩ ቀላል አይደለም። እርስዎን የሚያግዝዎት ቁጥር 2289 ነው። ዕቃው ለተራ አገልግሎት ቢበቃም፣ በውሉ በግልጽ ወይም በዝምታ ለታወቀ ልዩ አገልግሎት የሚያስፈልገው ጥራት ከሌለው ጉድለት አለበት። ሻጩ የተናገረለት ጥራት ከሌለውም እንደዚያው። «ለማራባት ነው የምፈልገው» ብለው ነበር? «ብዙ ያስወለደ ነው» ሲል ማን ሰማ? አብሮዎት የሄደ ሰው፣ ደላላው፣ ፈረሱን ይዞ የቆመው ልጅ ሳይቀር ምስክር ይሆናሉ። ድንጉላና ባዝራ አብሮ መግዛትዎም ራሱ ይናገራል። ለጋሪ የፈለገ ሰው እርጉዝ ባዝራ አይመርጥም።

ባዝራዋ ላይ ግን ትንሽ እሰጋለሁ። ጉድለቱ መኖር ያለበት እርስዎ ሲረከቡ ነው። ሻጩ «እርጉዝ ነበረች፣ አንተ ጋ ጨነገፈች» ቢልስ? ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ሐኪም አይቷት ቢሆን ይህ አፍ አይከፈትም ነበር። አሁን የሐኪሙን ቃል በጽሑፍ ያስደርጉ። መቼ እንዳያት፣ የጨነገፈች ምልክት እንዳለና እንደሌለ ይጻፍ። ድንጉላውንም ይመርምርልዎት። ሻጩ ቀዬ ያሉ ሰዎች ፈረሱ ከዚህ በፊት አስወልዶ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሄደው ይጠይቁ። አንድ ሰው «እሱማ ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም» ካለ፣ ሻጩ እያወቀ ደብቋል ማለት ነው። ያኔ ነገሩ ይለወጣል። ገበያ ላይ «በኋላ ጥያቄ የለም» ተባብላችሁ ቢሆን እንኳ፣ ጉድለቱን በማታለል የደበቀ ሻጭ በዚህ ቃል አያመልጥም።

አሁን የሚያስቸኩለው ጉዳይ። ከቁጥር 2291 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ገዢው ዕቃውን እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛሉ። እርስዎ የነገሩት ለደላላው ነው። ደላላ ደግሞ፣ የሻጩ ወኪል ካልሆነ በቀር፣ ኮሚሽኑን ተቀብሎ የሄደ ሰው ነው። ዛሬውኑ ለሻጩ ለራሱ ይጻፉ። የትኛው ፈረስ፣ ምን ጉድለት፣ መቼ እንደታወቀ፣ ምን እንደሚፈልጉ ይግለጹ። ሁለት ምስክር ባለበት ያድርሱት፣ ቅጂውን ያስቀምጡ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ካስታወቁ በኋላ ደግሞ ክሱን በ1 ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለብዎት፤ ቁጥር 2298።

ክስ ግን የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም። የወረዳ ፍርድ ቤት ቀጠሮ እየተመላለሱ የሚያወጡት ገንዘብ የፈረሱን ግማሽ ሊበላ ይችላል። ወሎ ውስጥ ደግሞ ሽማግሌና አበጋር (በባህሉ መሠረት የተጣላን የሚያስታርቅ ሰው) እያለ ለምን? ድንጉላውን መልሶ ዋጋውን መቀበል፣ ወይም በሌላ ድንጉላ መለወጥ፣ ወይም ፈረሶቹን ይዘው የተወሰነ ገንዘብ ማስመለስ፣ ሁሉም ያስኬዳል። ሁለቱን በአንድ ዋጋ ስለገዙ የእያንዳንዱን ድርሻ ቀድመው ያስሉ፤ ሽማግሌዎቹ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ከታረቃችሁ ይጻፍና ሁለታችሁም ፈርሙ። በቁጥር 3312 መሠረት እርቅ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል።

እስከዚያው ድንጉላውን አይሽጡት። ጎረቤት «ካላስወለደ ምን ያደርግልሃል፣ ቀጥቅጠህ ሰንጋ አድርገው» ቢልዎትም አይስሙት። ከተቀጠቀጠ በኋላ ያስወልድ እንደነበር ወይም እንዳልነበር የሚያሳይ ሐኪም አያገኙም፤ ሻጩም «የሸጥኩልህን አምጣ» ይልዎታል።