መድኃኒቱን ሰጥቼ ጥላውን ረሳሁ

ልጆቼ፣ ባለፈው ሳምንት አንዲት የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ካለው ቤቴ መጥታ፣ "ጋሼ፣ መተማ ቆላ ያሉ አውራ ጥንቸሎች የዘር ፈሳሻቸው በሙቀት እየተበላሸ ነው። ቫይታሚን ኢ ነው የሚሻላቸው ወይስ ቫይታሚን ሲ?" ብላ ጠየቀችኝ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ መልስ አልሰጠኋትም። ጥያቄዋ ከዓመታት በፊት ወደ ሠራሁት ስህተት መልሶኝ ነበር።

ጊዜው 1987 ዓ.ም. ሚያዝያ ነው። እዚያው መተማ ቆላ፣ ገንዳ ውሃ አካባቢ የሚኖር አንድ መምህር ጥንቸሎቹ መውለድ እንዳቆሙበት ልኮብኝ፣ ማይክሮስኮፑን ከነሣጥኑ ጭኔ ላይ አድርጌ ከአዘዞ በጭነት መኪና ተሳፈርኩ። ከአይከል በኋላ መንገዱ ቁልቁል ሲወርድ የጎንደር ብርድ ከኋላ ይቀራል፤ በመስኮት የሚገባው ነፋስ የምድጃ ትንፋሽ ይሆናል። ሾፌሩ አፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ እንዴት እንደወደቁ እስክንደርስ ድረስ ሲተርክልኝ ነበር።

መምህሩ አራት አውራና አሥራ ሁለት እንስት ነበሩት። በአካባቢያችን ብዙ ሰው ጥንቸል አይበላም፤ ኦሪት ያመሰኳል እንጂ ሰኮናው አልተሰነጠቀም ብሎ ከልክሎታል። እናቴ ጥንቸል ነክቼ መምጣቴን ስታውቅ እጄን ሁለቴ ሳታስታጥበኝ ወደ መሶብ አታቀርበኝም ነበር። እሱ ግን ለቤተ ሙከራ እየሸጠ ልጆቹን ያሳድግበታል። ከመጋቢት ወዲህ አንዷም እንስት አልያዘችም። እርግዝናው 31 ቀን ያህል ብቻ ለሆነ እንስሳ ይህ ትልቅ ኪሣራ ነው።

የጥንቸሎቹ ቤት እጅ የሚደርስበት ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ጣሪያ ነበረው። ቴርሞሜትሬን ሰቅዬ ሳነበው 41 ዲግሪ ይላል። አውራዎቹ በጎናቸው ተዘርግተው አፍንጫቸው ይርገበገባል፤ የጆሯቸው ደም ሥር ተገትሮ ይታያል። ጥንቸል እንደ እኛ አያልብም፤ ሙቀቱን የሚያስወጣው በጆሮውና በትንፋሹ ነው፤ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሆን ይጨነቃል። ይህን ሁሉ አየሁ። አየሁና አለፍኩት።

የቸኮልኩት ወደ ማይክሮስኮፑ ነበር። ከዘር ፈሳሹ አንዲት ጠብታ መስታወት ላይ አድርጌ ሳይ ጥቂቶቹ ይዋኛሉ፣ አንዳንዶቹ ባሉበት ይንቀጠቀጣሉ፣ አብዛኞቹ ዝም ብለዋል። ኢዮሲን የሚባለውን ቀለም ስጨምርበት የብዙዎቹ ራስ ሮዝ ሆነ፤ ሕያው ህዋስ ቀለሙን አያስገባም፣ የሞተው ነው የሚቀላው። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። የዘር ህዋስ ሽፋን በቶሎ የሚበላሽ ቅባት ይበዛበታል፤ ሙቀት ሲጸና ቆለጥ ውስጥ የሚበዙት ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ጎጂ ቅንጣቶች ያንን ቅባት ከርሞ እንደከረፋ ቅቤ ያደርጉታል። ቫይታሚን ኢ ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ይከላከላል፤ ሴሌኒየም የሚባለው ማዕድንም ጉዳቱን ከሚያከሽፉት ኢንዛይሞች የአንዱ አካል ነው። ሁለቱንም ለአራቱም አውራዎች በመርፌ ሰጥቼ ተመለስኩ።

በ21ኛው ቀን ስሄድ ከበፊቱ ብሶ አገኘሁት። "መምህር፣ እነዚህ አልቆላቸዋል፤ ያስወግዷቸውና ሌላ አውራ ይፈልጉ" አልኩት። አንዱን አንስቶ ጆሮውን ወደ ኋላ ዳበሰው። አንዲት ቃል አልመለሰልኝም።

ነሐሴ ላይ ደብዳቤው ደረሰኝ። ሦስቱን እንዳልኩት አስወግዷል። አራተኛውን ግን ሴት ልጁ ደብቃ፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ በረጠበ ጆንያ በሸፈነችው ቅርጫት ውስጥ ስታኖረው ከርማለች። ሐምሌ ላይ ሁለት እንስት ወስደውለት አንዷ ሰባት፣ ሌላዋ ስድስት ወለዱ። ደስ ይበልዎት ብሎ ነው የጻፈልኝ፤ አንድም ወቀሳ የለበትም። መልስ አልጻፍኩለትም። ደብዳቤው አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

የጥንቸል ዘር ቆለጥ ውስጥ ተሠርቶ ለማለቅ 50 ቀን ገደማ ይፈጅበታል፤ ከዚያ በኋላም እስኪበስል ከሳምንት በላይ ይቆያል። እኔ በ21ኛው ቀን ያየሁት በመጋቢት ንዳድ መሠራት የጀመረውን ነበር። ይህን ተምሬ ፈተናም አልፌበታለሁ፤ አውራዎቹ ፊት ስቆም ግን ትዝ አላለኝም።

የዛሬ ወጣቶች ትቸኩላላችሁ። ጥያቄያችሁ ሁሉ የትኛው ዱቄት፣ ስንት ግራም የሚል ነው፤ ጣሪያው ከምንድን ነው የተሠራው ብሎ የሚጀምር አላጋጠመኝም። ያቺ ተማሪ ግን የሠራችውን ስታሳየኝ ከእያንዳንዱ አውራ አምስት ጊዜ ናሙና ወስዳ መዝግባለች። እኔ በእሷ ዕድሜ ያን ያህል አልታገሥም ነበር።

ቫይታሚን አትስጡ እያልኩ አይደለም። እኔ ራሴ ዛሬ ብጠየቅ ቫይታሚን ኢ እሰጣለሁ፤ የምጀምረው ግን ሙቀቱ ከመግባቱ በፊት፣ በጥር ነው። ሙቀት የያዘው አውራ መኖ ስለሚተው መኖው ላይ የነሰነሳችሁት ዱቄት ገንዳው ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ማታ ሲቀዘቅዝ አቅርቡለት። ቫይታሚን ሲን ጥንቸል በጉበቱ ይሠራል፤ በሙቀት ጊዜ ላይበቃው ስለሚችል ብትጨምሩለት አልቃወምም፤ ግን ውሃ ውስጥ በቶሎ ይበላሻልና በየቀኑ አዲስ በጥብጡ። ሴሌኒየም ላይ እጃችሁን ያዙ፤ በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው።

አራቱንም ስለወጋሁ፣ ያንን አውራ ያዳነው ጥላው ይሁን፣ የሰኔ ዝናብ ወይም መርፌዬ፣ እስከ ዛሬ መናገር አልችልም። ለተማሪዋም የነገርኳት ይህንኑ ነው። ዕቅዷ ሁሉንም ቫይታሚን መስጠት ነበር። ተከራከርን፤ በመጨረሻ አውራዎቹን አራት ቦታ ከፈለቻቸው፦ ጥላና ቫይታሚን ያላቸው፣ ጥላ ብቻ፣ ቫይታሚን ብቻ፣ አራተኛዎቹም እንደነበሩ የሚቆዩ። አራተኛዎቹ አሳዘኑኝ፤ ሙቀቱ ከባሰባቸው ወዲያው ወደ ጥላ እንድታወጣቸው ቃል አስገባኋት።

ቅዳሜ ወደ ገንዳ ውሃ ትወርዳለች። የድሮ ቴርሞሜትሬን ሰጥቻታለሁ፤ በሩ ላይ ሳይሆን በጥንቸሎቹ ጆሮ ከፍታ እንድትሰቅለው ነግሬያታለሁ። የመምህሩን ልጅ ስምም ወረቀት ላይ ጽፌላታለሁ።