በአንድ ካርድ ሁለት ፎቶ፦ ስለ አሮጌ ስቴሪዮስኮፕ ጠይቁኝ

ባለፈው እሑድ አሮጌውን ስቴሪዮስኮፔን፣ ማለትም ጎን ለጎን የተለጠፉ ሁለት ፎቶዎችን በሌንስ እንደ አንድ ጥልቀት ያለው ምስል የሚያሳየውን መመልከቻ፣ ለቡና ይዤ ከሄድኩ ወዲህ ጥያቄው አልተቋረጠም። እስቲ አንድ ላይ ልመልስ።

ከአዘዞ፦ ከተራ ፎቶ በምን ይለያል?

ሁለቱ ዓይኖቻችን 6.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚራራቁ የሚያዩት ምስል ትንሽ ይለያያል። ካርዱ ላይ ጎን ለጎን የተለጠፉት ፎቶዎችም እንደዚያው ናቸው። በሌንሱ ስታያቸው አንድ ይሆናሉ፤ ቅርቡ ይቀርባል፣ ሩቁ ይርቃል። ይህን መጀመሪያ በመስታወት ያሳየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስቶን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1838።

ከፒያሳ፦ አያቴ ሣጥን ውስጥ እጀታ ያለው የእንጨት መመልከቻ አገኘሁ። ዕድሜው ስንት ይሆናል?

ታድለሃል! ካርዱ የሚሰካበት ክፍል በዘንግ ላይ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተት ከሆነ የሆልምስ ዓይነት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ኦሊቨር ዌንደል ሆልምስ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1861 ገደማ ነው፤ እኛ ጋ አጼ ቴዎድሮስ ዙፋን ላይ ነበሩ። ሆልምስ የፈጠራ መብቱን ስላላስመዘገበ ብዙ ፋብሪካ ለአሥርት ዓመታት እየቀዳ ሠርቶታል። ስለዚህ ቅርጹ ብቻ ዕድሜውን አይነግርህም። ካርዶች ካሉ እነሱን እያቸው፦ ጎበጥ ያሉት በአብዛኛው እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ ወዲህ ናቸው። ዳርና ጀርባቸው ላይ ያለውን ጽሑፍም አንብብ።

ከማራኪ፦ ካርዶቼ ቆሽሸዋል። በምን ላጽዳቸው?

እህቴ፣ ውኃ እንዳይነካቸው! አብዛኞቹ የድሮ ካርዶች የታተሙት እንቁላል ነጭ በተቀባ ስስ ወረቀት ላይ ነው። እኔ የመጀመሪያ ካርዴን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። የኢየሩሳሌም ፎቶ ነበር። የግንቡ ጥግ ተልጦ ጨርቁ ላይ ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል። ስትይዣቸው ጠርዛቸውን ብቻ ያዢ። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከግድግዳና ከወለል አርቂያቸው፤ የእኛ ክረምት ሻጋታ ያመጣል።

ከአራዳ፦ ቪው ማስተር የሚባለው በክብ ዲስክ ላይ ያሉ ፎቶዎች የሚታዩበት መመልከቻም እንደ ስቴሪዮስኮፕ ይቆጠራል?

እንዴታ! እ.ኤ.አ. በ1939 ነው የወጣው። በአንዱ ክብ ዲስክ ላይ 14 ትንንሽ ፎቶዎች አሉ፤ ሰባት ጥንድ ማለት ነው። ለጀማሪ በጣም ጥሩ ነው።

ከአዘዞ፦ ካርድ ከየት አመጣለሁ? ራሴ ልሥራ?

ሥራ እንጂ! በስልክህ አንድ ፎቶ አንሣ፤ ከዚያ ስልኩን ሳታዘነብል ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ቀኝ አንቀሳቅሰህ ድገመው። የመጀመሪያው በግራ፣ ሁለተኛው በቀኝ ይለጠፋል። ካርዱ 18 በ9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። ከፊት ቅርብ ነገር ከሌለ ግን ምስሉ ዝርግ ይሆንብሃል። ለዚህ ከፋሲለደስ መዋኛ የሚሻል ቦታ አላየሁም። ግንቡን ያቀፉትን የዛፍ ሥሮች ቀረብ ብለህ አንሣቸው፤ በሌንሱ ስታያቸው እጅህን ልትሰድ ይቃጣሃል።