ለወላጆቻችሁ ቤት ሶላር ውሃ ማሞቂያ ከመግዛታችሁ በፊት

አገር ቤት ለወላጆቹ ቤት የሚሠራ ወይም የሚያድስ ወዳጅ ሁሉ ይጠይቀኛል። «ሶላር ውሃ ማሞቂያ ላስገጥምላቸው ነው፤ የትኛውን ልግዛ?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ሰፈሩ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ያገኛል? ሮቶውስ የት ነው የተቀመጠው?

ብዙዎች ግር ይላቸዋል። እነሱ የሚያስቡት ስለ ፀሐዩ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ፀሐይ አታሳስብም። ክረምቱን ከተውነው፣ በጋውን ሙሉ ጠዋት ወጥታ እስክትጠልቅ ታቃጥላለች። ማሞቂያውን የሚያበላሸው የውሃ ፈረቃ ነው። ስለዚህ ብራችሁን መጀመሪያ ውሃው ላይ አውሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገበያው ላይ በብዛት የምታገኙት ባለ መስታወት ቱቦው ነው። ረጃጅም ጥቁር ቱቦዎች አሉት፣ ከላይ ደግሞ በርሜል ተጋድሞበታል። ውሃው ቱቦው ውስጥ ሲሞቅ ይቀልልና ወደ በርሜሉ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ቦታውን ይይዛል። ፓምፕ አይፈልግም፣ መብራትም አይፈልግም። ቱቦው ድርብ መስታወት ነው፤ በመሃሉ አየር ስለሌለ ሙቀቱን እንደ ፔርሙስ ይይዛል። ጥሩ ዕቃ ነው። ግን ባዶውን ፀሐይ ላይ ከዋለ ከ200 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። በዚህ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከመጣበት ይሰነጠቃል።

ወላጆቼ ሰፈር አንድ ጎረቤት ቤት የሆነው ይኸው ነው። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ከረመ። በርሜሉ ውስጥ የነበረውን ተጠቅመው ጨረሱት። ከዚያ አንድ ቀን ቀትር ላይ ውሃ መጣ። ማሞቂያው በቀጥታ ከመንገዱ የውሃ መስመር ጋር ነበር የተያያዘው። ቱቦዎቹ አንድ በአንድ ፈነዱ። ስብርባሪው ቆርቆሮው ላይ ተንሸራቶ ልብስ ማስጫው ሥር ወረደ። ደግነቱ ልጆቹ ትምህርት ቤት ነበሩ። ሻጩን ሲጠይቁት «ዋስትናው ይህን አይሸፍንም» አላቸው። ልጃቸው ከውጭ ሆና በስንት ድካም የላከችው ገንዘብ ነው።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ማሞቂያው ውሃ የሚያገኘው ከሮቶ ብቻ ይሁን፤ ከመንገድ መስመር በቀጥታ አይያያዝ። ሮቶው ከማሞቂያው በርሜል ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ከሮቶው ሁለት መውጫ አስወጡ። ለልብስ ማጠቢያና ለአትክልት የሚሄደው ከፍ ብሎ ይውጣ፣ ወደ ማሞቂያው የሚሄደው ከታች። እንዲህ ከሆነ ውሃ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቆመው የአትክልቱ ነው፤ ለማሞቂያው የተረፈ ይኖራል። እንደዚያም ሆኖ ባዶ ከቀረ በቀን ውሃ እንዳይለቁበት ንገሯቸው። ወይ ማታ ከመሸ በኋላ፣ ወይ ጠዋት 12 ሰዓት ፀሐይ ሳይነካው ይሙላ። ሲገጠምም እንዲሁ ነው፤ ውሃ እስኪገባበት ድረስ ቱቦዎቹ በሸራ ይሸፈኑ።

ፈረቃው የጠናበት ሰፈር ከሆነ እኔ የምመክረው ጠፍጣፋውን ነው። በጠንካራ መስታወት ሥር የመዳብ ቧንቧ የተዘረጋበት ነው። ዋጋው ይወደዳል፤ ባዶውን ፀሐይ ላይ መዋልን ግን ከቱቦው ይሻላል። ደብረ ብርሃን ለምትሠሩ ግን ይህ ምክር አይሆንም። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ቧንቧው ውስጥ ያለውን ውሃ በረዶ አድርጎ መዳቡን ሊተረትረው ይችላል። እዚያ ወይ የመስታወት ቱቦ፣ ወይም በብርድ በረዶ የማይሆን ፈሳሽ በዝግ መስመር የሚዞርበት ይሁን።

እስራኤል ያላችሁ ዱድ ሼሜሽን፣ የእዚያውን ሶላር ውሃ ማሞቂያ፣ ለምዳችኋል። እዚያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1980 ጀምሮ ለአዲስ መኖሪያ ቤት በሕግ ግዴታ ነው፤ ከአብዛኛው ጣሪያ ላይም አይጠፋም። ግን እዚያ ውሃው ቀንና ሌሊት በግፊት ይመጣል። ያንን ዓይነት ሥራ እንዳለ አዲስ አበባ አምጥታችሁ አትገጥሙትም። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ዕቃውን በኮንቴይነር ለመላክ አትቸኩሉ። የአሜሪካ ቧንቧ ጥርስ አገር ቤት ካለው ጋር በደንብ አይገጥምም፣ ያፈሳል። ኤሌክትሪኩም የተለየ ነው። ደግሞ አንድ ቱቦ ቢሰበር መለዋወጫው የሚገኘው መርካቶ ሳይሆን እናንተ ጋ ይሆናል። እዚያው የሚሸጠውን ግዙ።

መጠኑን ለማስላት ለአንድ ሰው በቀን ከ40 እስከ 50 ሊትር ሙቅ ውሃ ያዙ። እናትና አባት፣ አንድ ረዳት፣ አልፎ አልፎ የሚመጣ የልጅ ልጅ ካለ 200 ሊትር ይበቃል። እሱም አብዛኛውን ጊዜ ባለ 20 ቱቦው ነው። የሚዞረው ወደ ደቡብ ነው። ብርዱ የሚጠናው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ያኔ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች።

ክብደቱን አትናቁ። 200 ሊትር ውሃ ብቻውን 200 ኪሎ ነው። በድሮው ቤት ቆርቆሮና ባሕር ዛፍ ላይ አይጫንም። ሶሌታ ካለ እሱ ላይ፣ ከሌለ ከመሬት የሚነሳ የብረት ማቆሚያ ላይ ይሁን። ኮንዶሚኒየም ላይ ያላችሁ ይለፋችሁ፤ ጣሪያው የጋራ ነው፣ ውሃውም ረጅም መንገድ ሲወርድ ይቀዘቅዛል።

ሻወር ላይ የሚመጣ አንድ ጣጣ አለ። ቀዝቃዛው በፓምፕ ግፊት እየመጣ ሙቁ ግን በራሱ ክብደት ብቻ ከወረደ፣ ቀዝቃዛው ሙቁን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ከዚያ «ማሞቂያው አይሠራም» ይባላል። ማሞቂያው ይሠራል። የሻወሩ ቀዝቃዛ ውሃም ከዚያው ሮቶ ይውረድ፣ ያበቃል። በርሜሉ አናት ላይ ያለችውን ክፍት መተንፈሻም ማንም እንዳይደፍናት። እንፋሎት ወጣ፣ ውሃ አንጠባጠበ ብሎ በቡሽ የሚወትፍ ሠራተኛ አለ። እሷ ከተደፈነች በርሜሉ ወይ ያብጣል ወይ ይጨማደዳል።

ከሁሉ በላይ የማስብላቸው አረጋውያኑን ነው። በጋ ላይ፣ ሁለት ቀን ማንም ካልታጠበ፣ በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ ወደ መፍላት ይጠጋል። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 60 ዲግሪ እንኳ የአዛውንት ቆዳ በሰከንዶች ይልጣል። ሙቁንና ቀዝቃዛውን ራሱ እየመጠነ የሚያደባልቅ ቫልቭ አለ፤ በርሜሉና ሻወሩ መሃል አስገጥሙት። ሻጩ «አያስፈልግም» ቢላችሁም አትስሙት።

ለሐምሌና ለነሐሴ የኤሌክትሪክ መጠባበቂያ ይኑረው። ባለ 1.5 ኪሎዋት ከሆነ 200 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 45 ዲግሪ ለማድረስ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። እናቴ ማብሪያውን መንካት ትፈራ ነበር። ትልልቅ ፊደል አድርጌ ወረቀት ላይ ጻፍኩላት፦ «ደመና ከሆነ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት አብሪ፤ ልትታጠቢ ስትገቢ አጥፊ፤ ውሃ ከጠፋ አትንኪው።» በፕላስቲክ ሸፍኜ ማብሪያው አጠገብ ለጠፍኩት። አሁን ራሷ ናት ለጎረቤት የምታስረዳው። ሰዓት ቆጣሪ ብትጨምሩበት ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።

ክፍያውን በአንዴ አትጨርሱ። ገጣጥመው የሄዱ ዕለት ሁሉም ነገር ይሠራል። የተወሰነውን ያዙና፣ ቤተሰቡ አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት በሙቅ ውሃ ከታጠበ በኋላ ልቀቁ። የሮቶውን ማያያዣ፣ መተንፈሻዋንና ማደባለቂያውን ቀረብ አድርገው በቪዲዮ ይላኩላችሁ። በርሜሉ ውስጥ ዝገቱን በራሷ ላይ የምትወስድ የማግኒዥየም ዘንግ አለች፤ በሁለት በሦስት ዓመት ትታይ፣ ካለቀች ትቀየር። የአቃቂ ጉድጓድ ውሃ የሚደርሰው ቤት ማዕድን ስለሚበዛበት ቶሎ ቶሎ ይታይ። ሁለት ሦስት ትርፍ ቱቦና የጎማ ማሸጊያም አብራችሁ ግዙ፤ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ቁም ሳጥን ላይ ይቀመጥ።