መልስ፦ የድሬዳዋው የከዚራ የባቡር ሰፈር እንዴት ተመሠረተ? አሁንስ ነፍስ ዘርቷል?

ጥሩ ጥያቄ ነው ወንድሜ። እኔም ይህን ሰፈር በጣም እወደዋለሁ።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራውን መውጣት ግን ወጪው አይቻልም። ስለዚህ ሐዲዱ ከተራራው ሥር ቀረ። በታኅሣሥ 1895 ባቡሩ ሲደርስ ከተማዋ አብራ ተወለደች። ምኒልክ «አዲስ ሐረር» ብለዋት ነበር፤ ስሙ ግን አልጸናም። ሐዲዱ አዲስ አበባ ለመድረስ ደግሞ እስከ 1909 ጠበቀ።

ከተማዋን ከሚከፍለው ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራ፣ ወዲያ መጋላ። ከዚራን የባቡሩ ሰዎች ቀጥ ባሉ መንገዶችና በዛፍ ጥላ ሠሯት። ልቧ ግን የባቡር መጠገኛው ጋራዥ ነው። ገብተህ ብታየው ትገረማለህ፦ የድሮ ቶርኖዎች (ብረት መቅረጫ ማሽኖች)፣ የዘይት ሽታ፣ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ያለባቸው ማሽኖች። የጎደለ ዕቃ እዚያው ተቀርጾ ይገጠም ነበር። ሽማግሌዎቹ የባቡር ሠራተኞች ዛሬም ፈረንሳይኛ ጣል ያደርጋሉ።

ነፍስ ዘርቷል ወይ ላልከው፣ ከተማዋ አዎ፣ ሰፈሩ ገና ነው። በመስከረም 2009 የተመረቀው አዲሱ ባቡር ጣቢያው ከከተማ ውጭ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርክ መጣ፣ በነሐሴ 2014 ደግሞ ነፃ የንግድ ቀጠናው ተመረቀ። ሥራው ወደዚያ ሄደ። አሮጌው ጣቢያ ግን መሀል ከተማ ቆሟል። እኔ ብጠየቅ ጋራዡን ሙዚየምና የወጣቶች የሙያ ማሠልጠኛ አደርገዋለሁ። ማሽኖቹን የሚያውቁት አባቶች በሕይወት እያሉ ቢጀመር ደስ ይለኛል።