ስለ ሚጥል በሽታ የጠየቃችሁኝ

ሰላም ናችሁ፣ እንደምታውቁት ነርስ ነኝ፣ የደረሱኝን ጥያቄዎች እዚሁ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ስንት ሰው ነው ይሄ በሽታ ያለበት? እኔ ከእህቴ ሌላ አላውቅም።

መልስ፦ በዓለም ላይ ወደ 50 ሚሊዮን ሰው፣ በየአመቱ ደግሞ 5 ሚሊዮን ገደማ አዲስ ይገኝበታል። የማታውቂው ስለሌሉ ሳይሆን ስለሚደብቁት ነው እህቴ፣ ስራም ትዳርም እንዳይቀርባቸው ፈርተው፣ እኔን የሚያመኝ እሱ ነው። 80 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው የሚኖሩት።

ጥያቄ፦ ለምን እዛ በዛ?

መልስ፦ ምክንያቱን እኮ ስታየው ብዙው ሊቀር የሚችል ነው፣ ሲወለድ አየር ያጠረው ህፃን፣ ማጅራት ገትር፣ ጭንቅላት ላይ የደረሰ ወባ፣ የመኪና አደጋ። የአሳማ ኮሶ ትልም አለ፣ ሰው እንቁላሉን በቆሸሸ እጅ ወይ ምግብ ከዋጠው ከእንቁላሉ የሚወጣው እጭ፣ ማለት ትንሹ ትል፣ አንጎል ውስጥ ገብቶ ይቀመጥና በዛ ምክንያት ሰውየውን መጣል ይጀምራል። በእድሜ የገፉት ላይ ግን ዋናው ስትሮክ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 4 አመቱ ነው፣ ኤምአርአይ ተነስቶ ምንም የለም አሉኝ። እርጉዝ እያለሁ ያደረግኩት ነገር ይሆን?

መልስ፦ እናቴ እባክሽ ራስሽን አትውቀሺ። ከታማሚዎቹ ግማሽ በሚሆኑት ላይ መንስኤው አይታወቅም፣ ኤምአርአዩ ንፁህ ነው ማለት ደግሞ በሽታው የለም ማለት አይደለም፣ ምክንያቱም ኤምአርአይ የአንጎልን ቅርፅ ነው የሚያሳየው፣ ችግሩ ያለው ግን ሴሎቹ እርስ በርስ የሚላላኩበት ኤሌክትሪክ ላይ ነው፣ ብዙዎቹ ባንዴ ከልክ በላይ ኤሌክትሪክ ሲለቁ ነው ልጅሽ የሚወድቀው። አንዳንዱ በዘር ነው፣ ያም ቢሆን ጥፋት አይደለም።

ጥያቄ፦ ትኩሳት ይዞት አንዴ ያንቀጠቀጠው ልጅስ?

መልስ፦ ሀኪም ይየው፣ ግን እሱ ብቻውን የሚጥል በሽታ አይባልም። ብዙ ጊዜ የሚባለው ያለ ትኩሳትና ያለ ሌላ ቀስቃሽ ሁለቴና ከዛ በላይ ሲጥል ነው።

ጥያቄ፦ ሲጥለው አረፋውን በእጄ ጠርጌለት ነበር፣ ይይዘኛል?

መልስ፦ በፍፁም። ምራቅ ነው። እንዲያውም ጎበዝ፣ ሌላ ጊዜ በጎኑ አስተኛው፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተት፣ ከ5 ደቂቃ ካለፈ ግን ቶሎ ሀኪም ቤት ውሰደው።

ጥያቄ፦ መድሃኒት ከጀመርኩ 6 ወር፣ አልጣለኝም፣ ላቁም?

መልስ፦ አታቁም ወንድሜ! ያልጣለህ መድሃኒቱ ስለያዘልህ ነው፣ ባንዴ ካቋረጥከው ከበፊቱ ብሶ ሊመጣ ይችላል። በትክክል ቢታከሙ እስከ 70 በመቶው ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ፣ አንተም እዛ ውስጥ ሳትሆን አትቀርም። ስለ ማቆም ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ሁለት አመት ያህል ሳይጥልህ ከቆየ በኋላ ነው፣ እሱንም ከሀኪምህ ጋር ቀስ እያላችሁ።