ባጭሩ መጻፍ ንቀት ነው ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምሠራው ጅማ አቅራቢያ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ውስጥ ነው። የእሸት ቡና ወቅት ስለደረሰ ለአቅራቢዎች ማስታወቂያ ጻፍኩ። እንዲህ ይላል፦ «እሸት ቡና የምንረከበው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ቀይ ብቻ አምጡ። ያልበሰለ አንቀበልም።» አለቃዬ «ይኼ ትእዛዝ እንጂ ማስታወቂያ አይደለም፤ ሰው ይቀየማል» አሉና እንዲህ አድርገው መለሱልኝ፦ «እንደሚታወቀው ድርጅታችን የቡና አቅራቢዎችን ተጠቃሚነት ከማረጋገጥ አንጻር ዘርፈ ብዙ ተግባራትን በማከናወን ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ የዘንድሮውን የእሸት ቡና ርክክብ በተሳካ ሁኔታ ለማካሄድ የሚያስችል ዝግጅት ያጠናቀቀ በመሆኑ፣ አቅራቢዎች የበሰለና ቀይ የሆነ እሸት ቡና ብቻ ይዘው በመቅረብ የተለመደውን ትብብር እንዲያደርጉ ጥሪውን ያቀርባል።» ወደ አፋን ኦሮሞ የሚመልሰው ባልደረባዬ ደግሞ ይኼን አይቶ «የቱን ልተርጉመው?» አለኝ። በአማርኛ ባጭሩ መጻፍ ንቀት ነው ወይ? መጨረሻው ላይስ «ከሰላምታ ጋር» ይባላል?

መልስ፦ ንቀት አይደለም። ጅማ መርካቶ ያለ ነጋዴ በሩ ላይ «ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) እንገዛለን» ብሎ ቢለጥፍ ናቀን የሚል የለም። ግን አለቃዎ ሙሉ በሙሉ ተሳስተዋል ለማለትም አልቸኩልም።

መጀመሪያ የእሳቸውን እንየው። ረጅም ነው፤ ችግሩ ግን ርዝመቱ ብቻ አይደለም። አቅራቢው ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ነገር፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ የለም! ያን ሁሉ ቃል ያነበበ ሰው ቡናውን ጭኖ መቼ እንደሚመጣ አያውቅም። እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ያጋጥመኛል። ጽሑፍ ሲንዛዛ ቁም ነገሩ ሾልኮ ይወድቃል፤ ጸሐፊው ግን ቃል ስለበዛ ሁሉንም የተናገረ ይመስለዋል።

ደግሞም የአማርኛ ግሥ የሚቀመጠው መጨረሻ ላይ ነው። ማን ምን እንዳደረገ የሚታወቀው ዐረፍተ ነገሩ ሲዘጋ ነው። በ«ሲሆን» እና በ«በመሆኑ» እየቀጠልን በሄድን ቁጥር አንባቢ ያለፈውን ሁሉ በሐሳቡ ይዞ መጠበቅ አለበት። አለቃዎ «ድርጅታችን» ብለው ጀምረው «ያቀርባል» እስኪሉ ድረስ ስንት ነገር መሀል ገብቷል? ባልደረባዎ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። አፋን ኦሮሞም ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ቢተረጉመው ሸክሙ እንዳለ ይሻገራል። አማርኛውን ከሚያነቡትም በጅማ ዙሪያ ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በአፋን ኦሮሞ ነው። እነሱን በሁለተኛ ቋንቋቸው እንዲህ ማንከራተት ምን የሚሉት አክብሮት ነው?

እኔን በጣም የሚያበሽቀኝ ግን «ርክክብ ማካሄድ» ነው። የአማርኛ ግሥ ብዙ ይችላል። «አልተረከብናቸውም» አንድ ቃል ነው። ያልተረከብነው እኛ መሆናችንን፣ ነገሮቹ ብዙ መሆናቸውን፣ ጊዜው ማለፉን፣ አሉታውንም ጨምሮ ይዟል። እንዲህ ያለ ግሥ እያለን ወደ ስም እንለውጠውና «ማድረግ»፣ «ማካሄድ»፣ «ማከናወን» የሚል ምርኩዝ እንሰጠዋለን። ተወያየን ማለት ቀርቶ ውይይት አካሄድን ሆኗል። ገመገምን ቀርቶ ግምገማ አደረግን። የስብሰባና የሪፖርት ቋንቋ ነው፤ ቡና ማጠቢያ በር ላይ ምን እንዳመጣው እንጃ። በርግጥ ባለሁለት ቃል ግሥ ሁሉ ትርፍ አይደለም። «ዝም አለ»፣ «ደስ አለው» የቋንቋው ተፈጥሮ ናቸው፤ እነሱን ላሳጥር ብለው እንዳይደክሙ።

አለቃዎ ማሳጠር የዛሬ ልጆች ጥድፊያ ነው ካሉዎት፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተጻፉ ደብዳቤዎችን ያሳዩአቸው። የላኪና የተቀባይ ስም ይጠራል፣ ጤና ይጠየቃል፣ እግዚአብሔር ይመሰገናል፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ይገባል።

አሁን ወደ እርስዎ ጽሑፍ። «ያልበሰለ አንቀበልም» ይጎረብጣል፤ እዚህ ላይ አለቃዎ ልክ ናቸው። ሰው ሲለቅም ውሎ ይኼን ቢያነብ የተገላመጠ ሊመስለው ይችላል። የጎረበጠው ግን ስላጠረ ሳይሆን ምክንያት ስለሌለው ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መብላላት ይጀምራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ያልበሰለው ደግሞ መፈልፈያ ውስጥ ሲገባ ቆዳው በደንብ አይለቅም። ይኼን መንገር አቅራቢውን እንደ ሥራ ባልደረባ መቁጠር ነው። ስለዚህ ጥቂት ቃል ይጨምሩ።

«አምጡ»ም አለ። ለብዙ ሰው ስለተጻፈ ስሕተት አይባልም። «ያምጡ» ቢሉ ግን አንቱታው ይገባበታል። ቃል አልጨመሩም፤ አንዲት ፊደል ነው የለወጡት። አማርኛ አክብሮትን እዚያው ግሡ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ «በታላቅ ትሕትና» ምናምን ማለት አያስፈልግም።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ለእሸት ቡና አቅራቢዎቻችን፦ የምንረከበው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ቡናው ካደረ ስለሚበላሽ በተለቀመበት ቀን ያምጡልን። ያልበሰለ ፍሬ ጣዕሙን ስለሚያጠፋ አንረከብም፤ እባክዎ ቀዩን ብቻ ለይተው ያምጡ።»

ከእርስዎ ረዘም ብሏል። ይርዘም፤ የተጨመረው ሁሉ ሥራ አለው። «አንረከብም» የሚለውንም ሆን ብዬ ነው ያላለሳለስኩት። እውነት ከሆነ ይነገር። «ለመረከብ እንቸገራለን» ብለው ካለሳለሱት ሰውዬው «እሺ፣ ተቸገሩልኝ» ብሎ ጭኖ ይመጣና ከበር ይመለሳል። ያኔ ነው የሚቀየመው።

«ከሰላምታ ጋር» የደብዳቤ ነው፤ ማስታወቂያ ላይ አይጻፍም። ከታች የድርጅቱ ስም፣ ስልክና ቀን ይበቃል። ቀኑን እንዳይረሱት፤ ያለዚያ የአምናው ይሁን የዘንድሮው አይለይም።